እንደዚያ አላልኩም ያለችው ሴት

በመጀመሪያ ማን የት እንደነበረ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራኝ እኔ ራሴ ቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ማን ነበረ፣ ከየት ሆኖ አየ፣ ብርሃኑስ እንዴት ነበር እላለሁ። እኔ ከሸራው በስተግራ ቆሜ ነበር፣ ሸራ ስል በምስማር የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ማለቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ በአዳራሹ መጨረሻ፣ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው የፊልም ማሽን አጠገብ ቆሟል። አባታችን አቶ ወልዴ በቀኝ በኩል ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ ወንበር ቢሰጣቸው አልቀመጥም ብለው ነው። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ናቸው፣ እሳቸው የወጣቶች ማኅበሩ በር ጠባቂ ነበሩ፣ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ፊቱን አይተው ነው የሚያሳልፉት። ከፊት ለፊት፣ ከማኅበሩ ጸሐፊ ቢሮ በመጣ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ፣ የወረዳችን ሹም ባላምባራስ ይርዳው ካቦርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። የቀረው ሰማንያ የሚሆን የሰፈር ሰው በአግዳሚዎች ላይ ተጨናንቋል። ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ስለተሸፈኑ ውስጡ ጨለማ ነበር እንጂ ውጭ ፀሐዩ ጠራራ ነው።

በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ያደግሁት ቀጨኔ ነው፣ ሸክላ ከሚሠሩ ጎረቤቶቻችን ጋር አጥር ተጋርተን፣ ሰው እነሱን ቡዳ እያለ ሲሸሽ እኔ ከልጆቻቸው ጋር ከአንድ ሳህን እየበላሁ አደግሁ፣ አንድም ቀን ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ዛር ነው፣ ጥላ ነው የሚባል ወሬ ሲነሳ ሌላ ጨዋታ አመጣለሁ። ይህን ግን አየሁ፣ እመኑኝ፣ ባላየው ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ ብዕር አላነሳም ነበር።

ዘመኑ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ያሉበት፣ ተማሪው ግን መነጫነጭ የጀመረበት ነው። ደምሴ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፣ ሰልፍ ላይ ተይዞ ሃያ ቀን ታሰረ፣ የተፈታውም አባታችን ዋስ ሆነው ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ማንበብ ስለማይችሉ የዋስትናውን ወረቀት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ልጄ ዳግመኛ ሕዝብን በመንግሥት ላይ የሚያነሳሳ ነገር ቢሠራ በእሱ ፋንታ እኔ ልታሰር» ይላል። አባቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙበት። ወረቀቱ የተቀመጠው ባላምባራስ ይርዳው ዘንድ ነው። እንግዲህ ያን እሁድ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ብቻ ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

በማኅበሩ አዳራሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ ፊልም ይታያል። ደምሴ ፊልሙን ከአንድ የውጭ አገር ሰዎች ቤተ መጻሕፍት ይዋሳል፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ እተረጉማለሁ። አሠራራችን እንዲህ ነበር፣ በፊልሙ ያሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ጥቂት እሰማና ቀኝ እጄን አነሳለሁ፣ ደምሴ ድምፁን ይዘጋዋል፣ እኔ ጮክ ብዬ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እጄን ሳወርድ መልሶ ይከፍተዋል። ፊልሙ ራሱ ግን አይቆምም፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሥዕሉ መንገዱን ይቀጥላል፣ እኔ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ የደረስኩበትን እይዛለሁ፣ ያመለጠኝን ከራሴ እሞላለሁ፣ በሰፈሩም በመሙላት የታወቅሁ ነበርኩ። ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ወባ፣ አንዳንዴም ስለ ፈረሰኞች ተርጉሜአለሁ።

ያን ሳምንት ደምሴ ፊልሙን የመረጠው በቆርቆሮው ክዳን ላይ በተለጠፈው ሥዕል ነው። ረጃጅም ፎቆች ነበሩበት፣ ስለ ከተማ አሠራር የሚያስተምር መስሎት ተሸክሞት መጣ። በዚያ ሰሞን ወረዳው በሰፈራችን መንገድ ስለማውጣት ይነጋገር ነበርና፣ ስሙንም ለማደስ አስቦ፣ ራሱ ሄዶ ባላምባራስን ጋበዛቸው፣ እሳቸውም ያየሁትን ለአለቆቼ አቀርባለሁ ብለው ማስታወሻ ደብተር ይዘው መጡ። ቀድመን አላየነውም። የማሽኑ አምፑል እንዳይቃጠልብን አንድን ፊልም ከአንድ ጊዜ በላይ የማሳየት ልማድ አልነበረንም።

ፊልሙ ሲጀምር ፎቆቹ መጡ፣ ሰው ሁሉ ተገረመ። ቀጥሎ በፎቆቹ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች መጡ፣ ሁሉም ግራጫ ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ ቁጥር አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዘበኞች በየፎቁ እየዞሩ የእያንዳንዱን ሰው በር ከውጭ ይቆልፋሉ፣ ቁልፎቹን በአንድ ትልቅ የብረት ቀለበት ሰክተው ወደ ቤተ መንግሥት ይወስዳሉ፣ እዚያ በረንዳ ላይ ፊቱ የማይታይ ገዥ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጁን ዘርግቶ ይቀበላቸዋል። ተራኪው በእንግሊዝኛ «ይህች ከተማ ገና አልመጣችም፣ በውስጧ ያለው ሁሉ እስረኛ ነው፣ ታሪኩ እስረኞቹ ስለተነሱበት ቀን ነው» አለ።

እጄን አነሳሁ። ድምፁ ተዘጋ፣ ግን ዘግየት ብሎ ነው የተዘጋው፣ ደምሴም እንግሊዝኛ ያውቃልና ነገሩ እንደገባው ከዚህ ተረዳሁ። ማሽኑን ቢያጠፋው ለምን አጠፋህ ይባላል፣ ቢተወው ደግሞ ሕዝብ ማነሳሳት ነው። አባቴ ከግድግዳው ሥር ሆነው ያዩኛል። ባላምባራስ እንግሊዝኛ አያውቁም። አፌን ከፈትኩ።

«ይህች የወደፊት ከተማ ናት» አልኩ። «ሌባ ስለሚበዛ መንግሥት የሰውን በር በነፃ ይቆልፍለታል።»

ባላምባራስ «መልካም ዘዴ ነው» ብለው ጻፉ። «ደረታቸው ላይ ያለውስ ምንድን ነው?»

«የቤት ቁጥር ነው ጌታዬ፣ ደብዳቤ እንዳይጠፋባቸው።»

«እሱም መልካም ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ዘበኞቹ አንድ ሽማግሌ ይዘው በዱላ ደበደቡት። «ክትባት ነው፣ የፈራውን እንዲህ ይዘው ይከትቡታል» አልኩ። ከኋላ አግዳሚ አንዱ «እህት አስካለ፣ ክትባቱ በቆመጥ ነው እንዴ?» አለ፣ አዳራሹ ሳቀ። «ለአንተ ዓይነቱ በቆመጥ ነው፣ ዝም ብለህ እይ» አልኩት፣ ባላምባራስም አብረው ሳቁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንድ ትልቅ መኪና ቁልቁለት ላይ ብቻዬን ይዤ የምነዳ ይመስለኝ ነበር፣ እያንዳንዱ ውሸት ሲያልፍልኝ ለሚቀጥለው እጓጓለሁ።

ከዚያ ሴትየዋ መጣች። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው፣ ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላለች፣ አገጯ ላይ ጠባሳ አለ። በአንድ ምድር ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋን ወንዶች ቆመዋል፣ አንድ ሻማ ይበራል። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች፣ ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከተቆለፈብን በኋላ፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ በራችንን እንገፋለን አለች። እጄን አነሳሁ፣ ድምፁ ተዘጋ፣ እኔም «ይህች የልብስ አጣቢዎች አለቃ ናት፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ እንዲመጣላቸው ታመለክታለች» አልኩ።

ሴትየዋ ዝም አለች።

ፊልሙ የተያዘ መሰለኝ፣ እንዲህ ሲሆን ሥዕሉ ይቃጠላል፣ ነገር ግን አልተያዘም፣ ሻማው ይወዛወዛል፣ ማሽኑም ከኋላ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። እሷ ብቻ አፏን ገጥማ ትጠብቃለች። እጄን ሳወርድ ንግግሯን ካቆመችበት ቀጠለች። እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም፣ ግን የፈረንጅ ብልሃት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሁለተኛም እጄን ሳነሳ ቆመች። ሦስተኛውን ሆን ብዬ፣ አንድ ቃል ገና በአፏ ውስጥ እንዳለ፣ ተርጓሚ በማያነሳበት ቦታ አነሳሁት። ቃሉን ከመሃል ቆርጣ አቆመች። ዙሪያዋን የቆሙት ወንዶች ደግሞ አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ፣ ወደ አዳራሹ አይደለም፣ ወደ ግራ ነው፣ እኔ ወደቆምኩበት።

እጄን እንደሰቀልኩ ቀረሁ። ፈርቻለሁ፣ ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የሚቀጥለውን ለማየትም ጓጉቼ ነበር።

«ምን አለች?» አሉ ባላምባራስ።

«ውሃው... ማለቴ ውሃው ካልመጣ ለማዘጋጃ ቤት እንጽፋለን ትላለች።»

«አስካለ» አለች ሴትየዋ። «እንደዚያ አላልኩም።»

በአማርኛ ነው የተናገረችው። እጄ ገና እንደተነሳ ነው፣ ድምፁ የተዘጋ ነው። ድምጿ ከማሽኑ አልመጣም፣ ከአቡጀዲው ላይ፣ ከአፏ ነው የመጣው፣ ንግግሯም የእኛው ሰፈር ንግግር ነው፣ ከቀጨኔ ቁልቁለት ማዶ ቆማ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ይመስላል። ወደ ሰው ዞር አልኩ። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሸራውን ያያል፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም፣ የሰማም ያልሰማም ፊቱ አንድ ነው። ባላምባራስ ብቻ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

አንድ ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ። «ይህች ሴት» አልኩ፣ «መንግሥትን ስታመሰግን...»

ተነሳች። ከበርጩማው ተነስታ ወደ ፊት መጣች፣ ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት፣ ፊቷ አቡጀዲውን እስኪሞላ ድረስ ቀረበች፣ ጠባሳዋ የእኔን ቁመት ያህላል።

«ንገሪያቸው» አለች።

አባቴን አየኋቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው የእሳቸው ጣት ነው፣ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ምን መብት አለኝ። አባቴ ግን ግድግዳውን ለቀው ሁለት እርምጃ መጥተዋል፣ በጨለማው ውስጥ ነጭ ጋቢያቸው ይታየኛል፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ልብስ ሲለኩ «ክንድህን ዘርጋ» በሚሉበት ድምፅ፣ እንዲህ አሉኝ።

«የተባልሽውን ተናገሪ አስካለ። ሌላ አትጨምሪ።»

ተናገርኩ። እጄን ማንሳትም አላስፈለገኝ፣ እሷ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ትላለች፣ ትጠብቀኛለች፣ እላለሁ፣ ትቀጥላለች፣ እንዲህ ተጣጥሞ የተረጎምኩበት ቀን ከዚያ በፊትም በኋላም የለም። «በሬን ከውጭ የሚቆልፈው ሰው ሊጠብቀኝ እንደሆነ ነገረኝ» አልኩ። «አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀኝ። ከማን እንደሚጠብቀኝ ጠየቅሁት፣ አልነገረኝም። ዛሬ በሩን ልገፋው ነው፣ ብቻዬን ብገፋው እጄ ይሰበራል፣ ሁላችን ብንገፋው ግን የሚሰበረው እሱ ነው።»

ከዚያ ፀሐይ ጠለቀች፣ በፊልሙ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ዘበኞቹ ቆልፈው ሄዱ፣ ከተማው ጸጥ አለ። አንድ በር ተገፋ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በአንድ ፎቅ ያሉት ሁሉ፣ ከዚያ በሁሉም ፎቅ ያሉት፣ ማጠፊያው ይነቃነቃል፣ ምስማሩ ይላቀቃል፣ ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው ሆነ። ሰው አግዳሚውን በእግሩ መምታት ጀመረ፣ አንደኛው ረድፍ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይርዳል፣ እኔ እየጮህኩ እተረጉማለሁ፣ «ሦስተኛው ፎቅ ተከፈተ፣ አምስተኛው ተከፈተ» እያልኩ፣ የሚናገር ሰው እንኳ የለም፣ የማየውን ነው የምናገረው። ሴትየዋ በሁሉም ፊት ደረጃውን ትወርዳለች። ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ሲደርስና ነጩ ጓንት ከበረንዳው ሲወድቅ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነበር፣ የሚያለቅስም ነበረ፣ እኔ አላለቀስኩም።

ጥቅሉ አለቀ፣ አቡጀዲው ነጭ ሆነ።

«መስኮቱን ክፈቱ» አሉ ባላምባራስ። ብርድ ልብሶቹ ወረዱ፣ ፀሐዩ ገባ፣ ሰው ዓይኑን እያሸ እርስ በርሱ ተያየ። «ሁላችሁም ወደየቤታችሁ። የፊልሙ ባለቤት፣ ዋሱና ተርጓሚዋ ትቀራላችሁ።» ሰው ያለ ወትሮው ሳይንጫጫ ወጣ። እትዬ ዘነበች የመጨረሻውን ሰው አሳልፈው በሩን ገርበብ አደረጉና እዚያው ቆሙ።

ባላምባራስ ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፈቱ። «እስከ አሁን የጻፍኩት ስለ መንገድና ስለ ቤት ቁጥር ነው» አሉ። «ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ እንደምጽፍ ማወቅ አለብኝ። ልጅ ደምሴ፣ ያንን የምድር ቤቱን መልሰህ አሳየኝ። አንቺ አትናገሪ። አቶ ወልዴ፣ እርስዎ ከአጠገቤ ይሁኑ።»

«እሺ ጌታዬ» አሉ አባቴ። ሄደውም ከወንበራቸው አጠገብ ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ፊት አጣምረው፣ የሚታሰር ሰው እንደሚያደርገው።

ደምሴ ፊልሙን መልሶ ጠቀለለ። ሁለት ጊዜ ፊልሙ ከመዘውሩ ወጥቶበታል። ብርድ ልብሶቹን እኔ መልሼ ሰቀልኩ። ማሽኑ ተነሳ።

ምድር ቤቱ መጣ። ሻማው ይበራል። ወንዶቹ በዙሪያው ቆመዋል። በርጩማው ባዶ ነው።

ወንዶቹ በርጩማውን ያያሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ማንም አይናገርም፣ ድምፁ ተከፍቶ ሳለ የሚሰማው የሻማው መንጣጣት ብቻ ነው። ብዙ ጠበቁ። ከዚያ አንዱ ሻማውን እፍ አለና አንድ በአንድ ወደየፎቃቸው ወጡ፣ አልጋቸው ላይ ተጋደሙ። ዘበኞቹ መጥተው ቆለፉ። ማንም በር አልገፋም። ፎቆቹ መብራታቸውን እያጠፉ ጨለሙ፣ ነጩ ጓንት ቁልፎቹን ተቀበለ፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር አልመጣም።

«የት አደረግኻት?» አሉ ባላምባራስ።

«እግዚአብሔር ያውቃል ባላምባራስ፣ አንድ ጣት የሚያህል እንኳ አልቆረጥኩም» አለ ደምሴ። «መቀስም የለኝም፣ ኪሴን ይፈትሹ።»

«ሌላ ጥቅል ለውጠህ ይሆናል።»

«አንድ ጥቅል ነው ያመጣሁት፣ ቆርቆሮው ይኸውልዎ።»

ያኔ እትዬ ዘነበች ከበሩ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አሉ፣ «የሚፈልጉት ግራጫ የለበሰችዋን ከሆነ ወጥታለች።»

ሁላችንም ዞርን።

«መቼ?»

«ሰው ሲወጣ ነዋ፣ ከሰው ጋር። ሲገቡ ፊታቸውን ያላየሁት ሰው የለም፣ እሷን አላየኋትም፣ ስትወጣ ነው ያየኋት። አገጯ ላይ ምልክት አለ። የማን እንግዳ ነሽ ብላት ዝም አለችኝ፣ ግን ትሁት ናት፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ነው ያለፈችኝ።»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ታች፣ ወደ ቀጨኔ። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ በየሰው በር ትንሽ ትንሽ እየቆመች።»

ባላምባራስ በሩን አዩ። ከዚያ ደብተራቸውን ዘጉና ካቦርታቸው ውስጥ ከተቱት። «አቶ ወልዴ» አሉ፣ «ዋስትናዎ እንዳለ ነው። እኔ ያየሁት ፊልም ላይ ሰዎች በራቸው ተቆልፎ ይተኛሉ፣ ሌላ የለበትም። ይህንኑ ነው የምጽፈው።»

«እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉ አባቴ። ከኋላቸው ያለውን አግዳሚ ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ፣ ድምፃቸው የሹም ድምፅ አልነበረም። «አንቺ ልጅ፣ ስምሽን እንዴት አወቀችው?»

ወንድሜን አየሁት፣ አባቴን አየኋቸው፣ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ወደ በሩ ሄድኩ፣ እትዬ ዘነበች መንገድ ለቀቁልኝ።

«ወዴት ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«ወደ ታች» አልኳቸውና ወጣሁ።